እግር ምክንያት ሲያገኝ

ሰኞ በነጋ ቁጥር፣ ጀንበር ከአዝዋ ገደል ማዶ ብቅ ከማለቷ በፊት፣ ከኩታበርም ከገራዶም ከጢጣም ወገን ወደ ደሴ የሚገቡት መንገዶች በእግረኛ ይሞላሉ፤ አንዲቱ እናት ቅቤዋን በቅል አድርጋ፣ አንዱ አባት በጉን እየነዳ፣ ጐረምሳው እህሉን በአህያ ጭኖ፣ ልጃገረዲቱ ዶሮዋን በብብቷ ይዛ፣ ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱንም ወርደው ሰኞ ገበያ ይደርሳሉ፤ ከቀትር በኋላም ጨውና ስኳር፣ ሳሙናና ጋዝ ሸምተው በመጡበት እግር ይመለሳሉ። ከእነዚህ መንገደኞች አንዱን አስቁሞ «ዛሬ የአካል እንቅስቃሴ አድርገዋልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ ተጠያቂው በጥያቄው ይገረማል እንጂ መልስ አይኖረውም፤ እርሱ የሄደው ገበያው ስለ ጠራው፣ ዘመድ ስለሚያገኝበት፣ ወሬ ስለሚሰማበት፣ የለፋበትንም በገንዘብ ስለሚለውጥበት ነውና።

በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ያለችውን መንገድ እንኳ ያለ ባጃጅ የማይሄድ፣ ቀኑን በወንበር ላይ ምሽቱንም በቴሌቪዥን ፊት የሚያሳልፍ፣ ሐኪም «የደም ግፊትህ ከፍ ብሏልና ተንቀሳቀስ» ካለው ዓመት ያለፈው የቢሮ ሰው አለ። ይህ ሰው የተማረ ነው፤ የእንቅስቃሴን ጥቅም ከገበያተኛው አብልጦ ያውቃል፤ ምናልባትም ለልጆቹ ያስተምራል፤ ዕውቀቱ ግን በማለዳ ከአልጋው አስነሥቶ ጫማውን አላሳሰረውም። የማያውቀው ሲሄድ የሚያውቀው የተቀመጠበት ምክንያት ምን ይሆን? ሕዝብን ወደ ጤና ለመጥራት የሚደክሙ ሐኪሞችና መምህራን፣ የከተማ ሹማምንትም ጭምር፣ ከሁሉ አስቀድመው ሊመረምሩት የሚገባ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ጥሪያቸው ብዙ ጊዜ ጆሮ ዘንድ ደርሶ ፈቃድ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራልና።

የነገሩ ክብደት እንዲህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ቢያንስ በ2 ቀንም ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲጨምርበት ይመክራል፤ ለልጆችና ለወጣቶች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መድቧል፤ ዕድሜያቸው 65 የሞላ አረጋውያን ደግሞ እንዳይወድቁ ሚዛን መጠበቅን በሳምንት 3 ቀን እንዲለማመዱ ያሳስባል። መካከለኛ የሚባለው እንቅስቃሴ ሰው እየተራመደ ከባልንጀራው ጋራ መነጋገር የሚችልበት፣ ዜማ ማዜም ግን የሚያቅተው ዓይነት ድካም ነው፤ ለዚህም መለኪያ መሣሪያ አያሻም። ይኸው ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው ከዓለም ጎልማሶች ከመቶ 31 ያህሉ፣ ማለት 1.8 ቢሊዮን የሚያህል ሕዝብ፣ ከዚህ ልክ በታች ይኖራል። በአገራችን በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የማይንቀሳቀሰው ሕዝብ ጥቂት መሆኑን ገልጿል፤ አብዛኛው ሕዝባችን በእርሻና በእግር ጉዞ የሚኖር ነውና ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ነገር ግን በዚያው ጥናት ከተመረመሩት ጎልማሶች ከመቶ 16 ገደማ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከተሞቻችን በየዓመቱ እየሰፉ፣ ገጠሬው ወደ ከተማ እየገባ፣ የገባውም ከእግሩ ይልቅ ባጃጅን እየለመደ ሲሄድ፣ ዛሬ ያለን የእግር ሀብት ለልጆቻችን እንደሚተርፍ ዋስትና የሚሰጥ የለም።

ሰው ሲራመድ የጭኑና የባቱ ጡንቻ በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር እየሳበ ለሥራው ያውለዋል፤ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም መግፋትን ትለማመዳለች፤ የደም ሥሮች ይፍታታሉና ግፊቱ ይረግባል፤ እንቅልፍ ይሰምራል፤ የልብ ጭንቀትም ይቀልላል። ይህን ነገር በቁጥር ካስረዱት ሊቃውንት ቀደምት የሆነው ጄረሚ ሞሪስ የተባለ የብሪታንያ ሐኪም ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው የሚነዱትን ሾፌሮች፣ በዚያው አውቶቡስ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ቲኬት ቆራጮች ጋራ አመዛዝኖ፣ የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ አብዝቶ እንደሚበረታ አሳየ፤ ደብዳቤ የሚያድሉትም የፖስታ ሠራተኞች በጽሕፈት ቤት ከሚቀመጡት ባልደረቦቻቸው ይልቅ ከዚህ ሕመም የተጠበቁ ሆነው ተገኙ። የደሴና የኮምቦልቻ የባጃጅና የታክሲ ሾፌሮች ይህን ታሪክ ቢሰሙት ስለ ራሳቸው የተነገረ ይመስላቸዋል። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ የድካም ሁሉ ፍሬ ጤና ነው ማለት ስሕተት ነው፤ በሰኞ ገበያ ከማለዳ እስከ ማታ ከአቅሙ በላይ ጆንያ የሚሸከመው ወንድማችን፣ ዕረፍትም በቂ ምግብም ሳያገኝ ወገቡ ሲጎብጥ፣ እንቅስቃሴ አላነሰህም ብሎ ማጽናናት ጭካኔ ነው፤ ለእርሱ የሚያስፈልገው ዕረፍትና የሸክም ልክ ነው። ሕዝብ ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር የማይሰጠውም ስለዚህ ነው።

እስከ ዛሬ ድረስ ሰውን ወደ እንቅስቃሴ ለመጥራት የተጠቀምንባቸው መሣሪያዎች በአመዛኙ ሁለት ናቸው፤ ማስፈራራትና ማዘዝ። ሐኪሙ በሞት ያስፈራራል፤ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን በደብዳቤ አዝዞ፣ ስሙንም እየመዘገበ ወደ ማስ ስፖርት ያወጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች የቆየው ልማድ ነው፤ ያረፈደ ተማሪ፣ የረበሸም ተማሪ፣ ሜዳውን ዞሮ እንዲሮጥ ወይም ቁጭ ብድግ እንዲል ይቀጣል። ሩጫን በቅጣት ስም የተማረ ሕፃን፣ ትምህርቱን በጨረሰ ማግስት ከቅጣቱ ነፃ ወጣሁ ብሎ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በልጅ ልብ ውስጥ የሚዘራው ፍቅር ወይም ጥላቻ እስከ ሽምግልና አብሮት የሚኖር ነው፤ ከዚህ የተነሣ ያ መምህር ከሒሳብ መምህር ያነሰ ክብር ሊሰጠው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ስለ ፈቃድ ምሥጢር የዘመኑ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ አሜሪካዊ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎችን በሁለት ወገን ከፍሎ ለአእምሮ የሚጥም የእንቆቅልሽ ጨዋታ ሰጣቸው፤ ለአንደኛው ወገን ለሚፈታው ሁሉ ገንዘብ ከፈለ፤ ለሁለተኛው አልከፈለም። ክፍያው ከቀረ በኋላ የተከፈሉት ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ጨዋታውን ችላ ሲሉት፣ ያልተከፈሉት ግን በፍቅር መጫወታቸውን አላቋረጡም። በውጭ የመጣ ዋጋ በውስጥ የነበረውን ፍቅር ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ ተማረ፤ ቆይቶም ከሪቻርድ ራያን ጋራ በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ያንን ትምህርት አስፋፋው። እንደ እነርሱ አስተምህሮ ሰው አንድን ነገር ሳይሰለች የሚሠራው ሦስት ነገር ሲሟላለት ነው፤ መጀመሪያ በራሱ ፈቃድ የመረጠው ሲሆን፣ ሁለተኛ እችለዋለሁ ብሎ ሲያምን፣ ሦስተኛም ከሚወድዳቸውና ከሚያከብሩት ሰዎች ጋራ የሚያደርገው ሲሆን ነው።

የሰኞው ገበያተኛ ያለ ምንም ትምህርት እነዚህን ሦስቱን ይዞ ይጓዛል። ማንም አላዘዘውም፤ የሚሸጠውንና የሚገዛውን እርሱ ራሱ ቆርጧል። መንገዱን ከእናቱ ጀርባ ጀምሮ ያውቀዋልና እንደሚደርስ አይጠራጠርም። ብቻውንም አይሄድም፤ የሰፈሩ ሰው ከፊቱም ከኋላውም አለ። የቢሮው ሰው ግን ሦስቱም ጎድለውበታል፤ ተንቀሳቀስ ያለው ሌላ ሰው ነው፤ ከብዙ ዓመት መቀመጥ በኋላ ዳገት ሲያይ ልቡ ይርዳል፤ ብቻውን በማለዳ ሲራመድም ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለዋል።

ስለ ሁለተኛው ነገር፣ ማለት እችላለሁ ስለ ማለት፣ አልበርት ባንዱራ የተባለው ሌላ ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. የጻፈው ለእኛ አገር የተለየ ትምህርት አለው። ሰው እችላለሁ የሚለውን እምነት ከሁሉ አብልጦ የሚያገኘው በራሱ እጅ ከሠራው ትንሽ ድል ነው፤ ከዚያም ቀጥሎ እርሱን የሚመስል ሰው ሲያደርገው ከማየት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በሮም አደባባይ በባዶ እግሩ የሮጠውን አበበ ቢቂላን፣ በባርሴሎና ያሸነፈችውን ደራርቱ ቱሉን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴንም ለዓለም ያበረከትን ሕዝብ ነን፤ በእነርሱ መመካታችንም እውነት ነው። ነገር ግን የሃምሳ አምስት ዓመት ባልቴት ኃይሌን አይታ «እኔም እችላለሁ» አትልም፤ «እርሱማ ኃይሌ ነው» ትላለች። በዕድሜዋ፣ በጉልበት ሕመሟም የምትመስላት የጎረቤቷ ሴት ከቤቷ እስከ አራዳ በእግሯ ደርሳ ስትመለስ ያየች ዕለት ግን ሐሳቧ ይለወጣል። ስለዚህ ለሰፈር የሚያስፈልገው ምሳሌ ከሰፈር መመረጥ አለበት።

ስለ አነጋገርም የተገኘ ጥበብ አለ። ዊሊያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ መጠጥ ያሸነፋቸውን ሰዎች ሲረዳ በተግሣጽ ምትክ በጥያቄና በማድመጥ የሚሠራ የምክር ሥርዓት አገኘ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ጻፈው፤ በ1991ም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋራ በመጽሐፍ አስፋፋው፤ ከዚያ ወዲህ በስኳርና በደም ግፊት ሕክምና፣ በእንቅስቃሴም ምክር ይሠሩበታል። ሥርዓቱ ምን እንደሚመስል ለማሳየት በሰኞ ገበያ ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። አንዲቱ ነርስ መለኪያውን ከክንዳቸው ፈትታ «እማማ፣ ደምዎ ከፍ ብሏል፤ ስፖርት መሥራት አለብዎት፤ አለዚያ አደጋ ላይ ነዎት» ትላቸዋለች፤ እርሳቸውም «እሺ ልጄ፣ ኑሪልኝ» ብለው ይወጣሉ፤ ስፖርት ማለት በእርሳቸው ዘንድ በሆጤ ሜዳ ኳስ የሚራገጡ ጐረምሶች ሥራ ነውና ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ሌላዪቱ ነርስ ግን ወንበሯን አስጠግታ «እማማ፣ ስለ ጤናዎ ጥቂት ብንጫወት ፈቃድዎ ነው?» ብላ ትጀምራለች። «ምን ከፋኝ ልጄ» ሲሏት፣ «ድሮ በእግርዎ የት የት ይሄዱ ነበር?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። «ኧረ ልጄ፣ ከኩታበር ሸክሜን ይዤ ሰኞ ገበያ ደርሼ፣ በዚያው ቀን እመለስ ነበር፤ ዛሬ ግን ባጃጅ ከደጄ ካልመጣ አልነቃነቅም፤ ጉልበቴንም ያመኛል።» «ከዚያ ከድሮው ምኑ ይናፍቅዎታል?» «ግሼን ነዋ! በየዓመቱ መስከረም 21 ከልጆቼ ጋራ እወጣ ነበር፤ አሁን እኔን ቤት አስቀምጠው ይሄዳሉ።» «ዳግመኛ ለመውጣት ቢያስቡ፣ ከምን ቢጀምሩ ይሻልዎታል?» እናቲቱ ጥቂት አስበው «እንግዲህ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም በእግሬ ብሄድ፤ መጀመሪያ አጋማሹን፤ ጎረቤቴም አብራኝ ትሄዳለች፤ እርሷም እንደኔው ናት» ይላሉ። ነርሷ ስለ ጉልበታቸው ሐኪሙ እንዲያያቸው አድርጋ፣ የሚመለሱበትን ቀን ተነጋግረው ይለያያሉ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ንግግር ውስጥ ነርሷ አንዳችም ትእዛዝ አልሰጠችም። ምክንያቱም፣ መጀመሪያውም፣ ባልንጀራዪቱም የተገኙት ከእናቲቱ አፍ ነው፤ ሰውም ከሌላ አፍ ከሰማው ይልቅ በራሱ አንደበት የተናገረውን ይጠብቃል። እናቲቱ ሙስሊም ቢሆኑ ኖሮ የሚናፍቃቸው የጀማ ንጉሥ መውሊድ ይሆን ነበር፤ የነርሷ ጥያቄ ግን ያው ነው። ይህ ሥርዓት ጊዜ ይወስዳል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፤ ሰልፉ እስከ በር በደረሰበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ መስጠት ቀላል አይደለም። ቢሆንም ፍሬ የሌለውን ተግሣጽ በየወሩ ከመድገም አንድ ጊዜ በሚገባ መጠየቅ ጊዜን ያተርፋል ባይ ነኝ።

ወሎ ለዚህ ነገር የተለየ ትምህርት ቤት ነው። አዛንና ቅዳሴ በአንድ ማለዳ የሚሰማበት፣ በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም የሚገኝበት፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ የሚደባለቁበት አገር ነውና፣ ለሁሉ አንድ ዓይነት ጥሪ ልጥራ የሚል ሰው ከመንገዱ ግማሹን ሕዝብ ያጣል። ለክርስቲያኑ ሥጋው የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን፣ ለሙስሊሙም አካሉ ከአላህ የተሰጠው አማና፣ ማለት አደራ፣ መሆኑን የሃይማኖት አባቶች ሲያስተምሩት፣ ከጤና ቢሮ ማስታወቂያ ይልቅ ልቡ ዘንድ ይደርሳል። ወደ መስጊድ የሚወስደው እርምጃ ሁሉ አጅር፣ ማለት ምንዳ፣ አለው ብሎ ለሚያምን አባት፣ ባጃጁን ትቶ በእግሩ እንዲሄድ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም። በዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለኝ፤ በሰሙነ ሕማማት የሚሰገደው ስግደትም ሆነ በየዕለቱ የሚሰገደው ሶላት ለፈጣሪ የቀረበ አምልኮ ነው፤ ጡንቻን ስለ ማጠንከር ብቻ እየቆጠሩ የስፖርት ዓይነት አድርጎ መስበክ ምእመናኑን ያስቀይማል፣ ነውርም ነው።

የጾም ወራትም የራሳቸው ሥርዓት ይፈልጋሉ። በረመዳን ፈጥኖ መራመድ የሚወድድ ሰው ከኢፍጣር ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ወይም ከተራዊሕ በኋላ ቢያደርገው ውኃ ጥምን ሳይፈራ ይችላል፤ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾመውም ማለዳ ቀለል ያለ ጉዞ አይጎዳውም። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጾምንና እንቅስቃሴን ከማገናኘቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ግዴታው ነው፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላልና። በእረፍትም በድካምም ደረቱን የሚጨንቀው፣ ራሱን የሚያዞረው ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ ይመርመር።

በሴቶቻችን ፊት የቆመው እንቅፋት ከወንዶቹ ይለያል። ብዙ ሴት በአደባባይ ሶምሶማ መሮጥን ታፍራለች፤ ልብሱ፣ የሰው ዓይን፣ የጐረምሳው ንግግር፣ ከጎህ በፊትም የመንገዱ ጨለማ ያስቸግራታል። ይህችን ሴት «አትፈሪ» ብሎ መምከር ጥቅም የለውም፤ ፍርሃቷ ምክንያት አለውና። የሚጠቅመው ነጠላዋን ወይም ሒጃቧን እንደ ለበሰች፣ ከአምስት ከስድስት ጎረቤቶቿ ጋራ በብርሃን የምትራመድበትን ጊዜ ማግኘት ነው። በወሎ የቡና ሥርዓት ከአቦል እስከ በረካ ሴቶችን የማይሰበስብበት ቀን የለም፤ ከቡናው በፊት ግማሽ ሰዓት አብረው ተራምደው መጥተው ቢጠጡት፣ ጉባኤው አስቀድሞ የተሰበሰበ ነውና አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። ጂም ያላቸው ነጋዴዎችም ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ቢወስኑ ገበያቸው ይሰፋል እንጂ አይጠብብም።

ከደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ አየሩም ሰዉም ይለወጣል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብርዱና ዳገቱ ሲፈትናት፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ሙቀት ያይልባታልና እንቅስቃሴው ከማለዳ ወይም ከምሽት ውጪ አይመችም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ በተመረቀውም የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው፤ በማሽኑ ፊት ጎንበስ ብለው ወይም ቆመው ሲውሉ ወገባቸውና ትከሻቸው ይታመማል። እነዚህን ልጆች ስለ ልብ ሕመም በማስተማር ማንቀሳቀስ ከንቱ ድካም ነው፤ በሃያ ዓመት ዕድሜ ስለ ልቡ የሚጨነቅ የለም። የሚናፍቃቸው የወገብ ዕረፍት፣ ከአገር ቤት ተለይተው የመጡበትንም ብቸኝነት የሚያስረሳ ጓደኛ ነው፤ በሥራ መካከል ሰውነት ማፍታቻ ጥቂት ደቂቃ፣ በእሑድም የመረብ ኳስ ቢሰጣቸው ለሁለቱም መድኃኒት ያገኛሉ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ሕዝቡን ካስጨነቀበት ጊዜ ወዲህ ደግሞ፣ ስለ እንቅልፍ መናገር ለብዙ ቤተሰብ ስለ ደም ግፊት ከመናገር ይቀርባል። ሌሊት የሚባንን፣ ቀን ልቡ የሚሸበር ሰው «ይህ ጉዞ እንቅልፍ ይሰጥሃል» ሲባል ያደምጣል፤ በእውነትም መንቀሳቀስ ጭንቀትን እንደሚያቀልል የታወቀ ነው። ምክሩ ከሰውዬው ቁስል መነሣት ይገባዋል የምለው ይህን አስቤ ነው።

ከአገር የወጡት ወገኖቻችን ያሳለፉት ነገር ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም.ና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በታላላቅ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን አገራቸው ሳሉ እምብዛም የማያውቁት የስኳር በሽታ፣ ከጥቂት ዓመታት የከተማ ኑሮ በኋላ በመካከላቸው እየበዛ ተገኘ፤ ተራራ ሲወጡ የኖሩ እግሮች በአፓርታማና በአውቶቡስ ተወስነዋልና። በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው «ጤና ብሪኡት» የተባለው ድርጅት ከማኅበረሰቡ የወጡ፣ ቋንቋውንም ባህሉንም የሚያውቁ አስተማሪዎችን አሰልጥኖ፣ ስለ ምግብና ስለ እንቅስቃሴ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያስተምሩ አደረገ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ወገንን ከየከተማው የሚያሰባስበው በኳሱ ብቻ አይደለም፤ ናፍቆቱ ኳሱን ያጫውተዋል።

በአገር ውስጥም መልካም ጅምሮች አሉ። ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ 10,000 ሰው ተሳተፈ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት «ቅድሚያ ለሴቶች» ተጨመረ። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም መኪና የማይሄድበት ቀን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተጀመረ። ሰው በደስታ የሚወጣባቸው ስለሆኑ ሁሉንም አደንቃለሁ፤ ነገር ግን በዓመት ወይም በወር አንድ ቀን የሚመጣ በዓል ልማድን አይተክልም። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ስታደርግ ኖራለች፤ የእርሷ ግን በየእሑዱና በየበዓሉ ነው፤ 120 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ከማለዳ እስከ 8 ሰዓት ለእግረኛና ለብስክሌት ይለቀቃል፤ ሕዝቡም እሑድን በዚህ መቁጠር ለምዷል። ደሴ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ በአንድ ዋና ጎዳና ላይ የተዘረጋች ከተማ ናትና ያን ጎዳና መዝጋት ያስቸግራታል፤ ይሁንና የሰፈር ውስጥ መንገዶችን በየሳምንቱ ለጥቂት ሰዓት ከተሽከርካሪ ነፃ ማድረግ፣ የእግረኛ መንገዱን ከአሸዋና ከሸቀጥ ማጽዳት፣ የልጆች ሜዳም ለሕንፃ እንዳይሰጥ መጠበቅ ከአቅሟ በላይ አይሆንም። ፈቃድ ያለው ሰው የሚረግጠው መሬት ካጣ ፈቃዱም ይዝላልና፣ ስለ ፈቃድ የሚናገር ሁሉ ስለ መንገድም መናገር ይገባዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚሆን ማኅበር ከወዴት ይገኛል ለሚል ሰው፣ እኔ ቅሬን አሳየዋለሁ። ወሎ ቅሬ የሚለው የመረዳጃ ማኅበር በብዙ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ሆነው ያቆሙት ነው፤ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሐዘንተኛን ያጽናናል፣ ድንኳንና ድስት ያውሳል፤ ዳኛውን ሁሉ ያከብረዋል፤ ቤት ለቤትም ይታወቃል። ለቀብር የተሰበሰበ ማኅበር ለሕይወትም ሊሰበሰብ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። አንድ ቅሬ በስብሰባው ተመካክሮ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማለዳ፣ ሰዎች ከሱብሒና ከኪዳን ከተመለሱ በኋላ፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ሴቶቹም በአንድ ወገን ወይም አባላቱ እንደ ፈቀዱት ተደባልቀው፣ ግማሽ ሰዓት አብረው እንዲራመዱ ቢወስን፤ መንገዱን አሮጊቶቹ እንዲመርጡት፣ ፍጥነቱንም ከሁሉ ቀርፋፋው እንዲወስነው ቢያደርግ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በወር አንድ ቀን መጥታ የደም ግፊት ብትለካ፣ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። አንድ ነገር ብቻ ከቀድሞው ሥርዓት እንዲለወጥ እማጸናለሁ፤ ቅሬ ከቀብር የቀረ አባሉን በገንዘብ ይቀጣል፤ ከዚህ ጉዞ የቀረውን ግን አይቅጣ። ሁለት ማለዳ ያልታየ ሰው ካለ፣ አመሻሹ ላይ ሁለት አባላት ደጁን ያንኳኩ፤ እንደ ታመመም ሰው «ምን አገኘዎት? ዐይናችን ፈልጎዎት ነበር» ብለው ይጠይቁት።